አሳስቶ የመዝራት ሙግት

ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ዘር መዝራት የራሱ ጥበብ አለው ይላል። የዘሪው እጅ ከእርምጃው ጋር መግጠም አለበት፤ ያውም ሁልጊዜ ከቀኝ እግሩ ጋር። ፕሊኒ የባሕር ኃይል አዛዥ ነበር፤ ሕይወቱ ያለፈው በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ እርሻ የጻፈውም አብዛኛው ከመጻሕፍት የለቀመው ነው። ይህችን ነገር ግን የነገረው ማሳ ውስጥ የዋለ ሰው መሆን አለበት። የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቃታል፦ እጅና እርምጃ ከተለያዩ ዘሩ አንዱ ጋ ይከመራል፣ ሌላው ጋ ባዶ መሬት ይቀራል፤ ነውሩም ቡቃያው ብቅ ሲል ለመንደሩ ሁሉ ይታያል።

እንዲህ መበተን በላቲን ስፓርጌሬ ይባላል፤ የተበተነውም ነገር ስፓርሱስ። እንግሊዞች ዛሬ ስለ ሳሳ ጸጉር፣ ሰው ስላልበዛበት አገር ወይም ስለተራራቁ ዛፎች ሲያወሩ የሚጠቀሙበት «ስፓርስ» የተባለው ቅጽል የወጣው ከዚሁ ነው። ዘመዶቹም ብዙ ናቸው። የሕዝብ መበታተን የሚጠራበት ቃል፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጠበል የሚረጭበት ዕቃ ስም፣ ሌላው ቀርቶ በሰው ስም ላይ ጭቃ መለጠፍ የሚባልበት ቃል ሁሉ የዚያው ግሥ ልጆች ናቸው። ለሮማዊው ግን በቃሉ ውስጥ መሳሳት የሚባል ነገር አልነበረም። ለጋሱም ቋጣሪውም ሲዘሩ ይበትናሉ። መበተን ወደ መሳሳት እስኪዞር ብዙ ዘመን አልፏል፤ በማሳው ላይም «ምን ያህል አሳስተን እንዝራ?» የሚለው ሙግት እንደዚያው ረጅም ዕድሜ አለው።

በዚህ ሙግት ቁጥር ይዞ የመጣ ጥንታዊ ሰው ቢፈለግ ኮሉሜላ አንዱ ነው። በዛሬዋ የስፔን ከተማ ካዲዝ ተወልዶ በጣሊያን ያረሰ ሰው ነው፤ ስለ እርሻም 12 መጻሕፍት ትቷል። እንደ እርሱ አነጋገር፣ ሩብ ሄክታር ገደማ የሚሆን ለም መሬት 4 ሞዲዩስ (የሮማውያን የእህል መስፈሪያ) ስንዴ ይበቃዋል፤ መካከለኛው መሬት ግን 5 ይፈልጋል። በኪሎ ሲሰላ በሄክታር ከ100 እስከ 130 ኪሎ ግራም ገደማ ይመጣል። ዛሬ በኢትዮጵያ ለስንዴ ከሚመከረው ከ100 እስከ 150 ኪሎ ብዙም አይርቅም። የሚገርመው ግን ብዙ ዘር የሚያስፈልገው የደከመው መሬት መሆኑ ነው። በለም መሬት ከአንድ ፍሬ ብዙ አገዳ ይወጣል፤ ዘሪው ቢያሳሳ መሬቱ ራሱ ይሞላለታል። በደከመው መሬት ላይ ግን ያልተዘራ ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ አለበለዚያም አረም ይወርሰዋል።

ኮሉሜላ ሌላም ነገር ይናገራል። በአብዛኛው የጣሊያን ምድር እህል አራት እጥፍ የሰጠበትን ጊዜ ማስታወስ ያስቸግራል ይላል። ይህ እውነት ከሆነ ገበሬው ካመረተው ሩቡን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ለከርሞ ዘር ብሎ ከልጆቹ አፍ ያስቀር ነበር ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቤት አንድ እፍኝ ዘር በከንቱ መውደቁ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ብተና ያለ ብክነት አይሆንም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለው ዘሪ ዘሩ በመንገድ ዳር፣ በጭንጫ ላይና በእሾህ መካከል የወደቀበት ቸልተኛ ስለሆነ አይደለም። በእጅ የሚበትን ሰው ማሳው ዳር ሲደርስ እንደዚያ ይሆናል፤ የምሳሌው ሰሚዎችም ዘር ለምን እንደዚያ እንደሚወድቅ ለመረዳት ትርጓሜ አላስፈለጋቸውም።

ታዲያ ሌላ ዘዴ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። በጥንቷ መስጴጦምያ፣ በዛሬዋ ኢራቅ፣ ገበሬዎች ከማረሻው ጋር የታሰረ ቀጥ ያለ ቱቦ ነበራቸው። በቱቦው አፍ ላይ እንደ ማንቆርቆሪያ የሰፋ ነገር አለ፤ አንዱ በሬዎቹን ይነዳል፣ ሌላው ዘሩን በዚያ እየጣለ ይከተላል፣ ፍሬውም በቀጥታ ፈሩ ውስጥ ያርፋል። የመሣሪያው ምስል በማኅተሞች ላይ ተቀርጾ ይታያል። ለገበሬ ምክር የሚሰጥ አንድ የሱመርኛ ጽሑፍም ዘር ጣዩን ሰው በዓይን መከታተል እንደሚገባና ገብሱ ሁለት ጣት ያህል ጠልቆ መውደቅ እንዳለበት ያዝዛል። በቻይና ደግሞ በሃን ሥርወ መንግሥት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በአንድ በሬ የሚጎተት ባለ ሦስት እግር የመዝሪያ መሣሪያ በሥራ ላይ ነበር፤ በአንድ ሂደት ሦስት ትልም ያወጣል፣ ሦስቱንም ይዘራል።

አውሮፓ ከዚህ ሁሉ በኋላ ከ1,500 ዓመት በላይ በእጅ ሲበትን ኖረ። በእንግሊዝ ጆን ዎርሊጅ የተባለ ጸሐፊ በ1669 ባወጣው የእርሻ መጽሐፍ የመዝሪያ ማሽን ንድፍ አሳትሟል። ማሽኑ ግን በወረቀት ላይ ቀረ።

ነገሩን ከወረቀት ያወረደው በሠራተኞቹ የተናደደ አንድ የሕግ ሰው ነው። ጄትሮ ታል በ1674 በበርክሻየር ተወለደ፤ ኦክስፎርድ ገብቶ ከዚያም ሕግ ተማረ፤ ጤናው ግን አላስቀመጠውም፣ ወደ ቤተሰቡ እርሻ ተመለሰ። በዚያ ሊያስፋፋ የፈለገው ሴንፎይን የሚባል የከብት መኖ ነበር። ዘሩ ውድ ነው፤ በዚያ ላይ ብዙው አይበቅልም። ታል ማሳውን ሲመረምር፣ ዘሩ ሳሳ ብሎ የወደቀበት ቦታ ከተከመረበት ይልቅ የተሻለ ምርት ሲሰጥ አየ። ስለዚህ ሠራተኞቹ ትልም እያወጡ፣ በትልሙ ውስጥ ዘሩን በእጃቸው አራርቀው እንዲያስቀምጡና አፈር እንዲያለብሱት አዘዘ። በመጀመሪያው ጊዜ ሠሩለት፤ ውጤቱም አማረ። በሚቀጥለው ግን አሻፈረን አሉ። ጎንበስ ብሎ ዘር አንድ አንዱን ማስቀመጥ፣ ያውም ለአንድ ጌታ መኖ ሲባል፣ ወገብ የሚያስቀር ሥራ ነው። ታል በመጽሐፉ ውስጥ ይህንን እንደ ሴራ ነው የሚያየው። ዛሬ የሚያነበው ሰው ግን ሠራተኞቹን ለመውቀስ ያስቸግረዋል።

ታል ሠራተኛ የማይፈልግ ነገር ሊያገኝ ተነሣ። በወጣትነቱ ኦርጋን ይወድ ነበር፤ የሙዚቃ መሣሪያውንም ውስጡን ያውቀዋል። በኦርጋን ውስጥ አየር ወደ ቱቦው የሚያልፍበትን ቦይ የምትከፍትና የምትዘጋ ምላስ አለች፤ በሞላ ተወጥራ ትቆማለች። ታል ይህን ዘዴ ወደ ዘር ሳጥን አዞረው። መሽከርከሪያው ሲዞር ጎድጎድ ያሉት ቦታዎች ከሳጥኑ ዘር ይቀበላሉ፣ ምላሷ ትርፉን ትይዛለች፣ የተመጠነው ዘር ወደ ታች ይወርዳል። ከፊት ያለው ብረት ትልም ያወጣል፤ ከኋላ ያለው አፈር ይመልሳል። ጊዜው 1701 ገደማ ነው።

ከዚያ በኋላ ታል ወደ ፈረንሳይና ጣሊያን ተጓዘ፤ የወይን አትክልተኞች በመስመሮች መካከል መሬቱን ደጋግመው ሲኮተኩቱ ተመለከተ። ሲመለስ ይህንኑ በስንዴና በሌሎች ሰብሎች ላይ ሞከረ፦ በመስመር ይዘራል፣ በመስመሮቹ መካከል በፈረስ የሚጎተት መኮትኮቻ ያሳልፋል። በአንድ ማሳ ላይ ያለ ፍግ ለ13 ዓመት ተከታታይ ስንዴ እንዳመረተ ይናገራል። በ1731 እና በ1733 ያሳተመው መጽሐፍ የዚህ ሁሉ ውጤት ነው። የሚያስቀው፣ ምክንያቱ ስህተት መሆኑ ነው። ተክል የሚመገበው በጣም የደቀቀ አፈር ነው፤ መኮትኮትም አፈሩን ለሥሩ እንደ ዱቄት መፍጨት ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ፍግ አያስፈልግም፣ እንዲያውም አረም ያመጣል አለ። ትርጓሜው ባይያዝም ሥራው ተያዘ፤ መኮትኮቻው አረሙን ነቀለለት፣ የሳሳው ስንዴም ብርሃንና ቦታ አገኘ። ታል በ1741 ሲሞት ግን ጎረቤቶቹ አሁንም በእጃቸው ይበትኑ ነበር።

የእንግሊዝ ማሳ በመስመር እስኪሞላ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ማሽኑ ውድ ነበር፤ ቶሎ ይሰበራል፤ የሚጠግነው የመንደር አንጥረኛም አልተማረውም። መሐል ላይ ደግሞ በምሥራቅ እንግሊዝ ሌላ መንገድ ተሞከረ። አንድ ሰው በሁለት እጁ ጫፋቸው የሾለ ብረቶች ይዞ ወደ ኋላ እየተራመደ መሬቱን ይበሳል፤ ሴቶችና ልጆች ከፊቱ ሆነው በየጉድጓዱ ጥቂት ፍሬ ይጥላሉ። ይህ ዘር በጣም ይቆጥባል፤ የሰው ጉልበት ግን ይበላል። በናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ስንዴ ሲወደድ፣ የልጆች የቀን ዋጋ ደግሞ ርካሽ ሲሆን ሒሳቡ ተመጣጠነ። በኋላ እንደ ሳፎክ ሰዎቹ የስማይዝ ቤተሰብ ያሉ፣ ከ1800 ጀምሮ መዝሪያ የሚሠሩ ቤቶች ማሽኑን ጠንካራና ቀላል ሲያደርጉት ነው ብተናው እየቀረ የሄደው። ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው፦ አሳስቶ መዝራት ጥሩ መሆኑን ብዙ ገበሬ ያውቅ ነበር፤ ያገደው እውቀት ሳይሆን «ማን ጎንበስ ይበል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ቃሉስ? ታል መጽሐፉን በሚያዘጋጅበት ዘመን፣ በ1727፣ «ስፓርስ» በስኮትላንድ ጽሑፍ ውስጥ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ የሚነገረው ስለ እህልም ስለ ሰውም አይደለም፤ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ፣ በየመሐሉ ቦታ እየተተወ ስለተጻፈ የእጅ ጽሑፍ ነበር። የአሜሪካው መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኖህ ዌብስተር በ1828 ቃሉን ሲያስገባ ግን ምሳሌው ሕዝብ ሆኗል። ቃሉ እዚያ ቢመቸው አያስገርምም፤ ሰፊ መሬት፣ ጥቂት ሰፋሪ። የለንደን ተቺዎች ይህን «የአሜሪካኖች ቃል» እያሉ አፍንጫቸውን ነፉበት፤ ስኮትላንዶች ቀድመው ሲጠቀሙበት እንደኖሩ የረሱ ይመስላሉ።

የአሜሪካ መንግሥት ኋላ መሳሳትን በቁጥር አሰረው። የሕዝብ ቆጠራው መሥሪያ ቤት በአንድ ካሬ ማይል ከ2 ሰው በታች ያለበትን ምድር ያልተሰፈረ ብሎ ይመዘግብ ነበር፤ በዚህ ወሰን ላይም በካርታ መስመር ይሰመራል። ከ1890 ቆጠራ በኋላ መስመሩን ማስመር እንደማይቻል ተገለጸ፣ ሰፈራው በየቦታው ዘልቆ ስለገባ። የታሪክ ምሁሩ ፍሬዴሪክ ጃክሰን ተርነር በ1893 ቺካጎ ላይ ያቀረበው ዝነኛ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህች መግለጫ ነው። በመስመሩ ወዲያ ይኖሩ የነበሩት ነባር ሕዝቦች በዚህ ሒሳብ ውስጥ እንደ ሰፋሪ አልተቆጠሩም፤ «ሳሳ ያለ አገር» ሲባል ማን ተቆጥሮ ነው ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ ሃሪ ማርኮዊትዝ፣ በኋላ በ1990 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ሰው፣ አብዛኛው ቦታቸው ዜሮ የሆኑ ትልልቅ የቁጥር ሠንጠረዦችን በዚሁ ቃል ጠራቸው። ዛሬ የኮምፒውተር ሰዎች ቃሉን ቀን በቀን ያነሡታል፤ ከዘሪ እጅ ጋር ዝምድና እንዳለው የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የዘሪው እጅ ግን ሥራ አልፈታም። ዛሬ በዓለም ላይ ሙግቱ እጅግ የከረረበት ማሳ ቢፈለግ የጤፍ ማሳ ነው።

አንድ ኪሎ ጤፍ ወደ 3 ሚሊዮን ፍሬ አለው። ገበሬው በሄክታር 30 ኪሎ ሲበትን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 9,000 ገደማ ፍሬ ጣለ ማለት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እስከ 50 ኪሎ ይደርሳል። ብክነት ነው የሚል ሰው ሐምሌ ላይ ማሳው ዘንድ ይሂድ። መሬቱ ደጋግሞ ታርሷል፤ ጥቁሩ አፈር ውሃ ጠግቧል፤ በብዙ አካባቢ ከጎረቤት ጭምር ከብት ተሰብስቦ ማሳው ይረገጣል፣ አፈሩ ጠፍጠፍ እንዲልና ደቃቁ ዘር ወደ ስንጥቅ ገብቶ እንዳይቀር። ዘሪው ዘሩን ይዞ ጭቃው ውስጥ ይገባል። ጤፍ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም፤ ስለዚህ ላይ ላዩን ይበተናል፣ ቢበዛ ቅርንጫፍ ይጎተትበታል። ወፍ ይለቅመዋል፣ ጎርፍ ያንሸራትተዋል፣ ከዓምና የተቀመጠው ዘር ሁሉም አይበቅልም። ከሁሉ በላይ አረም አለ። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ጤፍ መሬቱን ፈጥኖ ይሸፍናል፣ አረሙን ፀሐይ ይከለክለዋል። ያ ሁሉ ኪሎ ገበሬው ለማረሚያ ጉልበት የሚከፍለው ዋጋ ነው።

ዋጋው ግን ርካሽ አይደለም። እጅግ የተጠቀጠቀ ጤፍ ለብርሃን ሲሽቀዳደም አገዳው ይቀጥናል፣ ቁመቱ ይረዝማል፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ማሳው ይጋደማል። የተጋደመ ጤፍ ፍሬው በደንብ አይሞላም፤ ማጨዱም መከራ ነው። ማዳበሪያ ሲጨመርበት ይብሳል። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ2006 የለቀቀው «ቁንጮ» የተባለው ዝርያ ምርቱን ከፍ አድርጓል፤ የመጋደሙን ጣጣ ግን ዝርያ ብቻውን አልፈታውም።

በዚህ መሐል በ2010ዎቹ መጀመሪያ የግብርና ሚኒስቴርና አዲሱ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ዘመቻ ጀመሩ። ምክሩ የታል ምክር ነው ማለት ይቻላል፦ በመስመር ዝሩ፣ በመስመሮቹ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ተዉ፣ በሄክታር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ዘር ይበቃችኋል። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ያሳዩት ተስፋ ትልቅ ነበር፤ የልማት ሠራተኞችም ገጠሩን አዳረሱት። ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከባድ አይደለም። በማዳጋስካር አባ ሄንሪ ደ ሎላኒየ የተባሉ ፈረንሳዊ ካህን በ1980ዎቹ የሩዝ ችግኝን ለጋ እያለ፣ አንድ አንዱን አራርቆ በመትከል ያገኙት ውጤት በብዙ አገር ይወራ ነበር፤ ለጤፍም የማይሠራበት ምክንያት የለም ተባለ።

በገበሬው ማሳ ላይ ሲሞከር ምርቱ ጨመረ፤ እንደተባለው ግን አይደለም። ጉልበቱ ደግሞ ከተባለው በላይ ሆነ። ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። አንድ ሄክታር ካሬ ማሳ በ20 ሴንቲ ሜትር መስመር ሲከፈል 500 መስመር ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ 100 ሜትር ነው። ጠቅላላው 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጭቃ ውስጥ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይን በቅጡ የማያየውን ፍሬ በጣት እየነሰነሱ 50 ኪሎ ሜትር! የሚበትነው ሰው ውርወራው 4 ሜትር ቢሸፍን ያንኑ ማሳ በ2 ኪሎ ሜትር ተኩል እርምጃ ይጨርሳል። ገበሬው ዘዴ አላጣም፤ ክዳኑ የተበሳ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ጤፍ ሞልቶ እንደ ጨው የነሰነሰ አለ፣ ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ የሞከረም አለ። ቢሆንም ወቅቱ ሌላው ሥራ ሁሉ የሚደራረብበት ክረምት ነው። ባዶው መስመር ላይ አረሙ ሲነሣ ደግሞ ወደ ማሳው የሚወጡት እናትና ልጆች ናቸው፤ የተቆጠበው 25 ኪሎ ዘር የእነርሱን ቀን አይገዛም። ብዙ ገበሬ ወደ ብተናው ተመለሰ። ዛሬም የኢትዮጵያ ጤፍ በአብዛኛው የሚዘራው በእጅ ተበትኖ ነው።

ይህን «ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም» ብሎ መዝጋት የቀለለ ነው፤ ልክ ግን አይደለም። የታል ሠራተኞች አሻፈረን ያሉት፣ የምሥራቅ እንግሊዝ ገበሬ የልጆች ጉልበት ሲረክስ ብቻ ዘር የቆጠበው፣ የጎጃምና የሸዋ ገበሬ መስመሩን ትቶ ወደ ብተና የተመለሰው በአንድ ምክንያት ነው፦ ሁሉም ያዩት በዚያ ሰሞን ከዘርና ከሰው ጉልበት የትኛው ውድ እንደሆነ ነው።

አሁን በልዩ ልዩ ቦታ ለጤፍ የሚሆን መዝሪያ የሚሞክሩ መሐንዲሶችና ተመራማሪዎች አሉ፤ ሥራቸው ይበል የሚያሰኝ ነው። ውጤታቸውን ሲያሳትሙ ግን ስንት ኩንታል እንደጨመረ ብቻ አይንገሩን። አንድ ሄክታር ለመዝራትና ለማረም ስንት ሰው ስንት ቀን እንደዋለበት፣ ከእነዚያም ውስጥ ስንቱ ሴትና ልጅ እንደሆነ ከኩንታሉ ጎን ያስቀምጡልን።